ቀኝ ያውለን፦ በኩርሙክ የሚገባ እንግዳ የማንን ሕግ ይከተላል?

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተሽከርካሪ ሁሉ ወገን ቀየረ። እስከዚያ ድረስ የመንገዱን ግራ ይዞ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኙን እንዲይዝ ታዘዘ። ዓለም እንዲህ ያለውን ታሪክ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጠቅሰው ስዊድንን ነው። ስዊድን ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው ግን ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ከሦስት ዓመት በላይ ቀድማታለች፤ ይህን የሚያነሳላት ብዙ ሰው የለም እንጂ።

ጎረቤት ሱዳን ግን እንግሊዞች ባስለመዷት ግራ ላይ ቀረች። ግብፅ፣ ሊቢያ፣ ቻድ፣ ኮንጎ፣ ኢትዮጵያ፣ ዙሪያዋን ያሉት አብዛኞቹ ጎረቤቶቿ ቀኙን ይዘው እሷ በግራዋ ጸናች። ወደ ቀኝ የተሻገረችው ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በመካከል ያሉትን ዘጠኝ ዓመታት ማሰብ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከአሶሳ ተነስቶ በኩርሙክ ወደ ሱዳን የሚሻገር ባለሞተር ድንበሩ ላይ ሲደርስ ከቀኝ ወደ ግራ መዞር ነበረበት። ኩርሙክ ደግሞ አንድ ስም ያላቸው ሁለት መንደሮች ናቸው፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዱ በሱዳን ወገን። በሁለቱም ወገን የሚኖረው በርታ ነው። ወንድም ከወንድሙ ቤት ቡና ሊጠጣ ሲሻገር ሕጉ ከአንዱ የመንገድ ጠርዝ ወደ ሌላው ይዘላል። እርግጥ ነው በጊዜው በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ባለሞተር ከአህያና ከግመሉ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አህያ ደግሞ የግራና የቀኝ አዋጅ ወጥቶላት አታውቅም።

አገር ለአገር በሞተር ሳይክል የሚዞር ሰው ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ምክር "የምትገባበትን አገር የመንገድ ሕግ አክብር" የሚል ነው። ምክሩ ቀላል ይመስላል። መንጃ ፈቃድ ያዝ፣ ሄልሜት አድርግ፣ የትኛውን ወገን እንደምትይዝ ጠይቅ፣ ፍጥነትህን ቀንስ። አሶሳና አካባቢዋ ላይ ግን ይህ ምክር ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ የማንን ሕግ?

ጥያቄው ከሞተሩ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ በ1814 ዓ.ም. ወደ ፋዞግሊና ከዚያ ወዲያ ወዳለው የወርቅ አገር የዘለቀው የግብፁን ገዥ የመሐመድ አሊን ጦር ተከትሎ ነው። ጦሩ የፈለገው ወርቅና ባሪያ ነበር። ካዮ የፈለገው እውቀት ነው። ያም ሆኖ ወደ አገሩ ያስገባው ይለፍ የጦሩ ጠመንጃ ነበር። ከጦር ኋላ የሚገባ እንግዳ የአገሩን ሕግ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም፤ ሕጉን ከፊቱ የሄዱት ሰብረውለታልና።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጡት ግን እንዲያ ያለ ምቾት አልነበራቸውም። ኦስትሪያዊው ኤርንስት ማርኖ፣ ከዚያም በ1870 ዓ.ም. ጣሊያኖቹ ሮሞሎ ጌሲና ፔለግሪኖ ማቴውቺ እስከ ፋዳሲ ደርሰዋል። ፋዳሲ በዛሬው ባምባሲ አካባቢ የነበረች ትልቅ ገበያ ናት። ከወለጋ የሚወርደው የኦሮሞ ነጋዴና ከሱዳን የሚወጣው ጀላባ የሚገናኙት እዚያ ነበር። ሁለቱ ጣሊያኖች ከፋዳሲ ማለፍ አልሆነላቸውም፤ ተመለሱ።

በ1873 ዓ.ም. የመጣው ሆላንዳዊ ሁዋን ማሪያ ስኩቨር ግን አለፈ። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የአምስተርዳም ሰው ነው። ስኩቨር በቤላ ሻንጉልና በፋዳሲ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ በኦሮሞና በኮማ አገር ሲዘዋወር ቆየ። የማስታወሻው ሙሉ ቅጂ በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣው በኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የምዕራቡን ጠረፍ የዚያን ዘመን ኑሮ ለማወቅ ከሱ የበለጠ ምስክር ጥቂት ነው።

በስኩቨር ዘመን የነበረው የመንገድ ሕግ አልተጻፈም፤ ግን ሕግ ነበር። አገሩ በብዙ ሼሆች እጅ ነው። እንግዳ አንድ ሼህ ግዛት ሲገባ በቀጥታ ወደ ገበያ አይሄድም፤ አስቀድሞ ሼሁን ይሰላምታል፣ እጅ መንሻ ያቀርባል፣ መሪ ይቀበላል። መሪው የሚሄደው ሼሁ እስከሚታዘዝበት ወሰን ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሼህ፣ ሌላ እጅ መንሻ፣ ሌላ መሪ። የዛሬ ሰው "ጉቦ" ሊለው ይቃጣዋል። ግን መሪ ያለው እንግዳ ቢዘረፍ ውርደቱ የሼሁ ነበር። ገንዘብ የተከፈለበት ነገር በተጨባጭ ይገኝ ነበር፤ ደኅንነት። ስኩቨር በ1875 ዓ.ም. የተገደለው በቤላ ሻንጉል አይደለም፤ ራቅ ብሎ በባሕር ኤል ጋዛል ነው።

ይህ ሁሉ ግን ማር ብቻ ተደርጎ መነገር የለበትም። ወርቁና ቡናው በሚሄድበት መንገድ ባሪያም ይሄድበት ነበር። የሼሁ መሪ ለእንግዳው የሰጠው ዋስትና ከኮማና ከጉሙዝ መንደር ለሚፈነገለው ልጅ አልደረሰም። የአንዱ ሰላማዊ መንገድ የሌላው የስቃይ መንገድ ነበር።

የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ወደዚህ አገር የገባው በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ ነው። በዘመቻው ከተሸነፉት መካከል አንዱ የአቆልዲው፣ ማለት የአሶሳ አካባቢው ገዥ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ነበሩ። ታስረው አዲስ አበባ መጡ። በኋላ ተፈትተው፣ ለአጼ ምኒልክ የወርቅ ግብር እየገበሩ፣ ከሌሎቹ ሼሆች ሁሉ በላይ ሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ የቆመው ቤታቸው የነበረበት ሰፈር ስማቸውን ወረሰ፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ "ሼህ ኾጀሌ" ተጨምቆ "ሸጎሌ" ሆነ። በየቀኑ "ሸጎሌ፣ ሸጎሌ" እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት የአሶሳን በር ቁልፍ ይዞ የኖረውን ሰው እየጠራ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ደግሞ አጼ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ሃሪንግተን የድንበር ውል ተፈራረሙ። ቤላ ሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል ቀረች። በተከታዩ ዓመት እንግሊዛዊው መኮንን ቻርልስ ጉዊን መስመሩን መሬት ላይ እየሄደ ምልክት አደረገበት። በርታ ሁለት አገር ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ትናንት አንድ ጎሳ የነበረው ሰው በአንድ መስመር "ዜጋ" እና "የውጭ አገር ሰው" ተባለ። የውጭ አገር ጉዞ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አውሮፕላንና ቪዛ ነው፤ ለኩርሙክ በርታ ግን ውጭ አገር ማለት የአክስቱ ቤት ነው።

መስመሩ ሁለት ሕግ ፈጠረ፤ ሁለት ሕግ ባለበት ደግሞ በመካከል የሚነግድ አይጠፋም። የሼህ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና በድንበሩ በሱዳን ወገን ተቀምጠው ከኢትዮጵያ የሚወጣ ባሪያ ያሻግሩ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ገደማ የሱዳን መንግሥት አሰራቸው። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ስለነበር ነገሩ በአዲስ አበባም ጭምር ራስ ምታት ሆኗል። መንገዱን የሚያውቅ፣ የሚጠብቅና የሚያሳልፍ ቤተሰብ ራሱ ሕግ አፍራሽ ሲሆን እንግዳው የማንን ሕግ ያክብር?

በዚያው ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ነድቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ንጉሡ በመኪናው ተደስተው ተሳፍረውበታል። የዚያን ጊዜ ግራና ቀኝ የሚለይ ትራፊክ የለም። ግን እንግዳ ያለ ይለፍ ደብዳቤ ኬላ አያልፍም፤ ቤተ መንግሥት ሲደርስም የሚያስተናግደው ባልደረባ ይሰጠው ነበር። ከስኩቨር ዘመን ሼህ ጋር ሲተያይ የተለወጠው የይለፉ ባለቤት ነው። መሪውን የሚሰጠው አሁን ንጉሠ ነገሥቱ ሆነ።

ከዚያ የመጣው እንግዳ ይለፍ አልጠየቀም። ጣሊያን በወረራው አሶሳን ያዘ፤ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ላይም ተሻግሮ የሱዳኗን ኩርሙክ ወሰደ። በተራው ደግሞ በእንግሊዞች ተባረረ። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን ያስለቀቀው ጦር የቤልጂግ ኮንጎ ጦር ነው። ከመካከለኛው አፍሪካ ተነስተው፣ ደቡብ ሱዳንን አቋርጠው፣ በናይል ተጉዘው የመጡ የኮንጎ ወታደሮች የአሶሳን አቧራ ረገጡ። ከአሶሳ ቀጥለው በጋምቤላ በኩል እስከ ሳዮ፣ ማለት እስከ ደምቢ ዶሎ ዘልቀዋል። ስለ ድሉ ሲነገር ጌዲዮን ጦርና አርበኞቹ ይነሳሉ፤ ስለ ኮንጎዎቹ የሚነገረው ጥቂት ነው። በኩርሙክ በኩል ከገባው የባዕድ ጦር ሁሉ አሶሳን ነጻ ሊያወጣ የመጣው ግን እሱ ነበር።

ወደ ሞተር ሳይክሉ እንመለስ።

መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. ቴድ ሳይመን የተባለ ጋዜጠኛ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተር ሳይክል ዓለምን ሊዞር ከለንደን ተነሳ። ያን ዕለት ግብፅና ሶሪያ በእስራኤል ላይ ጦርነት ከፈቱ፤ የሱ መንገድ ደግሞ በግብፅ ነበር። በዚያው አለፈና ሱዳን ገባ። ሱዳን ቀኝ መያዝ ከጀመረች ገና ወራት መቁጠሯ ነው። በአትባራ በረሃ አሸዋ ላይ ግን ቀኝም ግራም የለም፤ ያለው የቀደመው መኪና ጎማ ያሰመረው ዱካ ነው። ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ በመተማ አድርጎ ጎንደር ወጣ። ኢትዮጵያ የደረሰው በአብዮቱ ዋዜማ ነው። አዲስ አበባን አልፎ ሞያሌ ሲደርስ ኬንያ ገባና ወደ ግራ ዞረ። ጉዞው አራት ዓመት ፈጀ፤ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1971 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፉ ከዚያ ወዲህ በሞተር ሳይክል ለሚዞረው ሁሉ እንደ አባት መጽሐፍ ነው። ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን በ1999 ዓ.ም. ከስኮትላንድ እስከ ኬፕ ታውን በቢኤምደብሊው ሞተር ሲሄዱ በኢትዮጵያ ያለፉት በዚያው በጎንደርና በሞያሌ መስመር ነው።

ለምን በኩርሙክ አልሆነም? በካርታ ላይ ካርቱም ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው በጥቁር አባይ ዳር ወደ ላይ ወጥቶ፣ በኩርሙክ አሶሳ፣ ከዚያ በነቀምት አዲስ አበባ መግባት እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ስኩቨርም የጥንቱም ጀላባ የተከተሉት ይህን አቅጣጫ ነው።

መልሱ ጦርነት ነው። በኅዳር 1980 ዓ.ም. የጆን ጋራንግ ኤስፒኤልኤ ኩርሙክንና ጊዛንን ያዘ። ካርቱም "ከኋላው ኢትዮጵያ አለች" ስትል ከሰሰች። በጥር 1989 ዓ.ም. ከተማዋ እንደገና በአማጽያኑ እጅ ገባች። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሱዳን ጦር መልሶ ወሰዳት። እያንዳንዱ ዙር ሰውን ወደ ኢትዮጵያ ገፋ፤ የሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ በ1989 ዓ.ም.፣ የባምባሲው በ2004 ዓ.ም. የተከፈቱት በዚሁ ምክንያት ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ በኩርሙክ በኩል የገባው "የውጭ አገር ተጓዥ" ሞተር ላይ የተቀመጠ አልነበረም። በእግሩ የመጣ፣ ልጅ ያዘለ ነበር። እሱም አገር ሲገባ ሕግ ጠብቋል፤ ተመዝግቧል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ያለ ይለፍ ከጣቢያ እንዳይርቅ ተነግሮታል።

ዛሬ አንድ የባዕድ አገር ሞተረኛ አሶሳ ቢደርስ የሚጠብቀው የተጻፈ ሕግ አለ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ የሚባለው ነው፤ ቀኝህን ያዝ፣ ለእግረኛ ቅድሚያ ስጥ፣ ጠጥተህ አትንዳ። ከዚያ ቀጥሎ ያልተጻፈው አለ። የገጠሩ መንገድ የመኪና ብቻ አይደለም፤ የከብት፣ የውሃ ቀጂ፣ የገበያተኛ ነው። በገበያ ቀን አስፋልቱ ራሱ ገበያ ይሆናል። በሬ ወይም ፍየል የገጨ ሰው ወርዶ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገራል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሣ ይቆረጣል። ጥሎ የሄደ ደግሞ በሚቀጥለው መንደር ይጠበቃል። በአሶሳ ዙሪያ ሽማግሌው ሩጣንኛ፣ አረብኛ፣ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ሊናገር ይችላል። በ1977 ድርቅ ማግስት ከወሎ የሰፈሩት ቤተሰቦች ልጆችም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። እንግዳው ከደንቡ ይልቅ ይህንን ቢያጠና ሳይጠቅመው አይቀርም። እዚህ ላይ ስኩቨር ቢነሳ ግር የሚለው ነገር ጥቂት ነው።

ከሦስተኛው ዓይነት ሕግ ጋር ግን ማንም ተለማምዶ አያውቅም። እሱም ድንገት የሚወጣው ነው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. መባቻ የአዲስ አበባ አስተዳደር ከተፈቀደላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። ምክንያቱ ወንጀል ነበር። ከዚያ ወዲህ የጸጥታ ችግር በተነሳበት አካባቢ ሁሉ መጀመሪያ ከሚታገዱት አንዱ ሞተር ሳይክል ሆኗል። ማሽኑ ርካሽ፣ ፈጣንና በጠባብ መንገድ የሚያልፍ መሆኑ ለገበሬውም፣ ለጤና ባለሙያውም፣ ለታጣቂውም እኩል ይጠቅማል። እገዳው ግን የመጨረሻውን ሲያሳድድ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያገኛል። ምጥ የያዛትን እናት በሞተር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሰው ሕግ አፍራሽ የሚሆንበት ሕግ ለማክበር ይከብዳል።

የባሰውም አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋና በካማሺ በኩል በነበረው ግጭት የአሶሳ አዲስ አበባ መንገድ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። የአሶሳ ነዋሪ ዋና ከተማው ለመድረስ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት ግድ ሆነበት፤ መግዛት ያልቻለ ቁጭ አለ። መንጃ ፈቃዱ የታደሰ፣ ሄልሜቱ የተሟላ፣ ቀኙን ይዞ የሚነዳ ዜጋ በገዛ አገሩ መንገድ ማለፍ አልቻለም። የዚያን ዘመን ሼህ መሪ ሰጥቶ የሚወስደው እጅ መንሻ ቢያንስ ዋስትና ነበረው። የዘመኑ ግብር ከፋይ የሚከፍለው ከዚያ ይበልጣል፤ በምላሹ ግን መንገዱን የሚያሳልፈው አላገኘም። መንግሥት ከእንግዳ የሕግ አክባሪነት ሲጠይቅ ትክክል ነው። ሕግ ላከበረው መንገዱን መክፈት ግን የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ይህ ዕዳ በአሶሳ መስመር በተደጋጋሚ ሳይከፈል ቀርቷል።

መልካም ነገር አልታየም ማለት አይደለም። ክልሉን ለሁለት የሚከፍለው አባይ ነው፤ ከአሶሳ ተነስቶ መተከል ለመድረስ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የቆየ ነገር ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የተጀመረው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ መብራት ብቻ ሳይሆን መንገድም ይዞ መጥቷል። ስለ ግድቡ የሚወራው ስለ ሜጋ ዋት ነው። ለጉባና ለሸርቆሌ ሰው መንገዱም ያንኑ ያህል ነገር ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን በሞተር የሚጓዙት ሰዎች መስመር ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሱዳንን በባሕር ወይም በአየር ይዘሏታል፤ ከደቡብ የሚመጡት ደግሞ ሞያሌ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረው ይገባሉ። ኩርሙክ ላይ ግን ሰዉ እንደገና በእግሩ መጣ። ከብሉ ናይል ክልል የሸሹ ቤተሰቦች ድንበሩን እየተሻገሩ በመሸጋገሪያው ጣቢያ ተመዘገቡ፤ ብዙዎቹም ወደ ኡራ መጠለያ ተወሰዱ። ከመካከላቸው በርታ የሆኑት ሲሻገሩ አንዳንዱን ኬላ ላይ የተቀበለው ሰው በሩጣንኛ ሰላም ብሎታል።